ያረረው ድፎ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡናችሁን ቀድታችሁ አንብቡት። ዳቦ ካለም ቁረሱለት፤ የማወራው ስለ ዳቦና ስለ መጽሐፍ ነው።

ነገሩን የጫረችው አንዲት የድሮ ተማሪዬ ናት። አሁን የምትኖረው ውጭ አገር ነው። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰዎች አንድ ቤት ተሰብስበው የድሮ ልብ ወለድ ያነባሉ፤ ሲጨርሱ መጽሐፉ ውስጥ የተጠቀሰውን ኬክ ራሳቸው ጋግረው በሻይ ይበሉታል። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ እንዴት ደስ ይላል! ግን የእኛ መጻሕፍት ውስጥ ምን የሚጋገር ነገር አለ?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ማታ ላይ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ! ስለ መቼት፣ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ ግጭት ስንት ሰሌዳ ሞልቼ አጥፍቻለሁ። ጠመኔ ያልጠጣ ኮት አልነበረኝም። አንድም ቀን ግን «እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹ የበሉትን ዳቦ ማን ጋገረው?» ብዬ ጠይቄያችሁ አላውቅም። እናንተም አልጠየቃችሁኝም፤ ፈተና ላይ አይመጣማ!

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ያደግሁት መርሐቤቴ ውስጥ፣ ከዓለም ከተማ ወጣ ያለ መንደር ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ የሚባል ነገር ቢኖር የአባቴ ዳዊት ብቻ ነበር። በደርግ ጊዜ አጎቴ ከአዲስ አበባ አንዲት ሬዲዮ ይዞልን መጣ። ያኔ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ የሚተርክበት ዘመን ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሞላል። የባትሪው ድንጋይ እንዳያልቅ ተብሎ ሬዲዮዋ ለሌላ ነገር አትከፈትም። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና እንከተዋለን። ያንን ዘመን የምታውቁ ታስታውሱታላችሁ።

እናቴ ግን እንደ ሌላው ሰው መደብ ላይ ቁጭ ብላ አታዳምጥም። መች ጊዜ አላት? ወይ ሊጥ ታቦካለች፣ ወይ ትጋግራለች፣ ወይ እንግዳ ታስተናግዳለች። መጨረሻ ላይ «እኔም ልስማ እንጂ!» ብላ ሬዲዮዋን አንስታ ጓዳው ደፍ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ጓዳ አዙረን ሆነ የምናዳምጠው። አባቴ ሳይቀር።

በዛብህ የሞተ ዕለት ምጣድ ላይ ድፎ ነበር። እናቴ የላዩንም የታቹንም እሳት ረስታ፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች ቀረች። የኮባው ቅጠል ማረር ሲጀምር ለሁላችንም ሸተተን፤ የተነሳ ሰው ግን የለም። ትረካው ሲያልቅ ድፎው አንድ ጎኑ ከሰል ሆኗል። አባቴ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት፣ «ሰው ሞቶ አንተ ስለ ዳቦ ታወራለህ?» አለችው። ያረረውን በቢላ ፍቀን በላን።

እስከ ዛሬ ፍቅር እስከ መቃብርን ስገልጥ የሚሸተኝ ያ የኮባ ጢስ ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ፕሩስት እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው መጽሐፉ ውስጥ፣ ተራኪው ማድሌን የምትባል ትንሽ ኬክ ሻይ ውስጥ ነክሮ ሲቀምሳት የልጅነቱ መንደር ድንገት ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ስለዚያች ቁራሽ ኬክ ያወራል። እኛስ ማን ከማን ያንሳል? የእኔ ማድሌን ያረረ ድፎ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዬ የምሰጣት የመጀመሪያ መልስ ይሄ ነው፦ መጽሐፍን ከሚጋገር ነገር ጋር ማጣመር ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም። እናቶቻችን ሳያነቡ አድርገውታል። ሁለቱን የለያየነው እኛ፣ ተማርን ያልነው ነን። መጽሐፉን ወደ ክፍልና ወደ ፈተና ወሰድነው፣ ዳቦውን ጓዳ ተውነው፣ በመካከላቸው በር ዘጋን። ከዚያ ደግሞ «ሕዝባችን አያነብም» ብለን እናማርራለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል። መጻሕፍቶቻችን ውስጥ ምን የሚጋገር አለ?

መልሱን ለመፈለግ መደርደሪያዬን አወረድኩት። መጀመሪያ ያነሳሁት የአገራችንን ልጅ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው እንደሆኑ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከዚህ ወጥተው ደራሲ፣ አሳታሚ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰድደው በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ያረፉ ሰው ናቸው። ከልብ ወለዶቻቸው አንዱ በ1925 ዓ.ም. የታተመው አዲስ ዓለም ነው። አወቀ የሚባል ወጣት አውሮፓ ተምሮ ይመለስና ከአገሬው ልማድ ጋር ይጋጫል። አንዱ ትልቅ ጠብ የሚነሳው በተዝካር ነው፤ ለሞተ ሰው ተብሎ ቤት እስኪራቆት በሚደገሰው ድግስ።

ይህን መጽሐፍ ወጣት ሆኜ ሳነበው ከአወቀ ጋር ነበርኩ። አሁንም ነኝ። በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ ተዝካር ያወጣ ሰው ስንት ዓመት ዕዳ ሲገፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን መጽሐፉን ያነበብኩት እጄ ላይ ሊጥ እያለ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላውጋችሁ።

እናቴ ካረፈች ዐሥር ዓመት አለፋት። ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ክረምት፣ ቡሄ ሲደርስ፣ የእሷ ድፎ አማረኝ። የልጅ ልጆቼንም ላቀምሳቸው ፈለግሁ። እህቴ ዘንድ ደውዬ «እማዬ እርሾውን ስንት ነበር የምታደርገው? ስንት ሰዓት ነበር የምታሳድረው?» ብላት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ እጇ ነበር የሚያውቀው!» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ጦቢያ የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ እንደታተመ አውቃለሁ። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ በ1962 ዓ.ም. እንደወጣና ታሪኩ እዚሁ እኛው ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲና አካባቢ እንደሚካሄድ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችኋለሁ። ያሳደገችኝ ሴት ዳቦ እንዴት እንደሚጋገር ግን አላውቅም። እሷ ያንን ሁሉ ዘመን ከእኔ መጽሐፍ በጆሮዋ ወሰደች። እኔ ከእሷ ምጣድ ሆዴን ከመሙላት በቀር ምንም አልወሰድኩም። አፈርኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ታላቄ ናቸው። «ድፎ መጋገር ያስተምሩኝ» ስላቸው ደነገጡ። «ምነው መምህር፣ ሚስትህ ታመመች እንዴ?» አሉኝ። አልታመመችም ስላቸው ደግሞ ተጣልተን መሰላቸው። ባለቤቴን ጠርተው ካረጋገጡ በኋላ ነው ያመኑኝ።

ጀመርን። የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ለብ ያለ ውሃ። ማሸት እኮ ቀላል ሥራ አይደለም! ክንዴ እስኪዝል አሽቼ «በቃ?» ስላቸው፣ «ገና ነው፣ እጅህን መች ለቀቀህ» ይሉኛል። ከዚያ ተሸፍኖ ያድራል። ቀዝቃዛ ሌሊት ከሆነ ሊጡ ቶሎ አይነሳም። መሐል ሜዳ ያሉ የመንዝ ዘመዶቼ ከእኛ ይልቅ ብዙ መጠበቅ እንዳለባቸው የነገሩኝ ለዚህ ነው፤ እዚያ ብርዱ ሌላ ነው። ጠዋት ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጣል፣ በላዩም ኮባ ይለብሳል፣ ይከደናል፣ ከላይም ከታችም እሳት ይደረግለታል። እሳቱ ከበረታ ውጭው ያርና ውስጡ ሊጥ ይሆናል። የእኔ የመጀመሪያው እንደዚያ ነው የሆነው። እትዬ ስንጥር ሰክተው አወጡና ሊጥ የተለጠፈበትን ስንጥር ፊቴ ላይ አንስተው፣ «ይሄው ዜሮህ» አሉኝ። ስንት ተማሪ ላይ ዜሮ የጻፍኩ ሰው የሥራዬን አገኘሁ።

በሁለተኛው ሙከራችን፣ ድፎው እሳት ላይ ሆኖ ስንጠብቅ፣ አዲስ ዓለምን አወጣሁና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ድፎ እስኪበስል ብዙ ገጽ ይነበባል። እትዬ መጀመሪያ ዝም አሉ። ተዝካሩ ጋ ስደርስ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ስጨርስ ትንሽ አሰቡና፣ «ሰውዬው እውነቱን ነው። ስለ ወጪው አሰበ። ስለ እኛ ወገብስ ምን አለ?» አሉኝ።

ምን ልበል? መጽሐፉን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጥኩት። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት በአንድ ጥያቄ ተናጋ። ለአንድ ተዝካር ስንት ሴት ስንት ሌሊት ሳትተኛ እህል ትለቅማለች፣ ጌሾ ትወቅጣለች፣ እንጀራና ዳቦ ትጋግራለች? የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ነው እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም መጻሕፍት በእትዬ ዓይን ነው የማነባቸው። የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ታስታውሳላችሁ። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ማን ከማን ጋር መብላት እንደማይገባው፣ ለማን እንደሚታጠፍና ለማን እንደማይታጠፍ ሐዲስ ዓለማየሁ እንደ ካሜራ ያሳዩናል። ጉዱ ካሳ በዚያ ሥርዓት ላይ የሚሰነዝረው ትችት ዛሬም ይቆጠቁጣል። ባላገሩ በእነ አበጀ በለው መሪነት ሲያምፅ እጃችንን እናጨበጭባለን። ግን ያን ሁሉ የጌታ ማዕድ ያቆመችው ሴት ማን ናት? ታላላቆቹ ደራሲዎቻችን ጓዳው በር ድረስ ያደርሱናል፤ ወደ ውስጥ ግን እምብዛም አያስገቡንም። አልወቅሳቸውም፤ የዘመናቸው ወንዶች ናቸው። የተቀመጡት በበላተኛው ወገን ስለነበር ያዩትን ጻፉ።

እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው ያለው። መጽሐፎቻችን ውስጥ የሚበላው ሞልቷል። የጎደለው ጋጋሪዋ ናት። ስለዚህ እኛ አንብበን ስንጋግር የፈረንጅ ጨዋታ እየተጫወትን አይደለም። መጽሐፉ ዘሎት ያለፈውን ገጽ በእጃችን እያነበብን ነው። እኔ ይህን ካመንኩ ወዲህ ነው አስተማሪነቴን እንደገና የወደድኩት።

አሁን የምትሉትን አውቃለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ፣ ሰው ዱቄት መግዛት ባቃተው ዘመን ይሄ የጠገበ ሰው ወሬ ነው» ትላላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ዱቄት የት እንደደረሰ እኔም በጡረታዬ እያየሁት ነው። ባለፉት ዓመታት ክልላችን በደረሰበት መከራ ስንት ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደራቀም አውቃለሁ። ግን እኮ ስለ ዳቦ ከተጻፉት ሁሉ ትልቁ ታሪክ የረሃብ ታሪክ ነው። በአማርኛ ምንዱባን ብለን የምናውቀውን የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ አስቡት። ዣን ቫልዣ ለእህቱ ሰባት ልጆች አንድ ዳቦ ሰረቀ። አምስት ዓመት ተፈረደበት፤ ለማምለጥ በሞከረ ቁጥር እየተጨመረ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሰረ። ይህን ምዕራፍ አንድ ዳቦ ለሰባት ልጅ ቆርሳችሁ አንብቡትና ልጆቹ ድርሻቸውን ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍትሕ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። ትምህርት ቤት ቢዘጋ እንኳ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ምጣድና አንድ የሚያነብ ሰው ካሉ ክፍል አለ ማለት ነው።

ዱቄት ከሌለስ? ቆሎ ይበቃል። እንዲያውም ብላቴን ጌታ ኅሩይን ስታነቡ ቆሎ ነው የሚሻለው፤ ድግስ ብትደግሱ መቃብራቸው ውስጥ ይቆጡናል! የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ስታነቡ፣ ታሪኩ አስመራ ላይ ስለሆነ ፉርኖ ዳቦ ገዝታችሁ በሻይ ብሉት። ጾም ከሆነም ችግር የለም፤ ድፎ ወተትም ቅቤም አይለምንም። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ለረጅም ልብ ወለድ የተፈጠረ ነው፤ አይቀዘቅዝ፣ አያልቅ።

ከሴት ተማሪዎቼ ደግሞ ሌላ ተቃውሞ ይመጣል፤ እሱ ነው ይበልጥ የሚከብደኝ። «ጋሼ፣ እኛ ከጓዳ ለመውጣት ስንት ተሰቃይተን ተማርን፤ አሁን በመጽሐፍ አሳብበህ ልትመልሰን ነው?» የምትሉ አላችሁ። ውሃ ስትቀዱ አርፍዳችሁ የመጣችሁ፣ ደብተራችሁ ላይ የጭስ ሽታ የነበረባችሁ ልጆች አልረሳኋችሁም። ለዚህ ነው አንድ ነገር አጥብቄ የምለው፦ ወደ ጓዳ ግቡ የምለው ለእናንተ አይደለም፤ ለወንዶቹ ነው። ዳቦውን ወንዱ ያሽ፤ እናንተ አንብቡለት። እናታችሁ ደግሞ ቁጭ ብለው ያዳምጡ፤ ሲያጠፋ ያርሙት። እኔ በስድሳ ዓመቴ ከቻልኩ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ምን ያግደዋል? ክንዱ እንደሆነ ከእኔ ይሻላል።

ትምህርቱን የጨረስን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የቤት ሥራ ሳልሰጣችሁ ነው ጡረታ የወጣሁት። እንግዲህ ይኸው።

አንደኛ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ነገ ሳትሉ አጠገባቸው ቁሙና ዳቦዋቸውን ጻፉ። «በዓይን ነው የሚታወቀው» ይሏችኋል። እሺ በሉና እፍኙን ለኩት፣ ሰዓቱን መዝግቡት። እርሾው ሲደርስ ምን እንደሚመስል ጠይቁ። እኔ ዐሥር ዓመት ዘገየሁ፤ የእትዬን ድፎ እንጂ የእናቴን ድፎ ዳግመኛ አላገኘሁትም።

ሁለተኛ፣ ዳቦው ሲጋገር ማንበብ ለማይችል ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ስልክ ላይ ያለ ትረካ አይደለም የምላችሁ። እሱም ጥሩ ነው፤ ግን ስልክ «እዚህ ጋ ቁም እስቲ፣ ምን አለ?» ሲባል አይቆምም። እትዬ ስንት ጊዜ እንዳስቆሙኝ ብታውቁ!

ሦስተኛ፣ የሰማችሁትን አስተያየት መጽሐፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉት። የእኔ አዲስ ዓለም ጠርዝ ላይ «ስለ እኛ ወገብስ?» የሚል ጽሑፍ አለ። ከጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው፤ የእኔ ግን አይደለም።

ውጭ አገር ያለሽው ልጄ፣ መልሴ በጣም ረዘመብሽ አይደል? እዚያ ኮባ አይገኝ ይሆናል፤ ምድጃሽ ውስጥ መጋገሪያ ወረቀት አንጥፈሽ ጋግሪው፣ ምንም አይልም። ፍቅር እስከ መቃብርን ያዢ፤ ለእናትሽም ደውዪላቸውና ስልኩን ክፍት አድርገሽ አንብቢላቸው። በዛብህ ጋ ስትደርሺ ግን እሳቱን ቀንሺ።

እናንተስ? የእናንተ ቤት መጽሐፍ ምን ይሸታል? ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። አሁን እትዬ «መምህር፣ ምጣዱ!» እያሉኝ ነው፤ ልነሳ። ዛሬ እንኳ እንዳያርብኝ።